የሰልፈር ስድስት ነጥቦች

ደሴ፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ፣

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎ ደህና ናቸው? ወልድያ ሰው እየተመለሰ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ቤትዎ ሳይዘረፍ ከቆየዎት እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ አለን። እናቴ ጥቁሯን አላወለቀችም እንጂ ትበላለች፣ ትተኛለች።

በሹፌሩ በሲራጅ እጅ የላኩልኝ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ደርሶኛል። «ፈተናው እንዳያመልጣት፤ ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች» ብለዋል አሉ። ላመሰግንዎ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ አልሆነልኝም።

የመጨረሻው ምህዋር ላይ ስላሉት ኤሌክትሮኖች ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። «የውስጦቹን ተዉአቸው፤ የሚሰጠውም የሚቀበለውም ዳር ያለው ነው» ይሉን ነበር። የንጥረ ነገሩን ምልክት እንጽፍና በዙሪያው ነጥብ እናደርጋለን። ሰልፈር ላይ ሰባት ባደርግ፣ አንዷን በቀይ ብዕር ሰርዘው «ስድስት! ደግመሽ ቁጠሪ» ብለው ጻፉልኝ።

በዚያ ሐምሌ፣ ጦርነቱ ቆቦን አልፎ ሊመጣ ነው ሲባል፣ የትግራይ ተወላጆች ቤት መፈተሽ ጀመረ። እኛም ቤት ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ ጎረቤታችን ሲሳይ ነበር። መሣሪያ ፈልገው አጡ፤ ደብተር አገኙ። መሪያቸው ገልጦ፣ ፊደሎቹን የአካባቢያችን ከተሞች አድርጎ፣ «ኤስ ሲሪንቃ ነው፤ ስድስት መድፍ። ኤች ሐራ፣ አንድ። ኬ ቆቦ፣ አንድ» እያለ አነበበ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ፍርስ እል ነበር። ሲሳይ ግን «ኧረ ይሄ ትምህርት ይሆናል፤ መምህሩ እዚሁ ናቸው፣ ይጠየቁ» አለ።

እርስዎም ተጠርተው መጡ። ደብተሩን ተቀበሉ። ቀዩን ጽሑፍዎን አዩት፤ ሲያዩት አይቻለሁ። ትምህርት ነው ወይ ቢሉዎት፣ «እርግጠኛ ሆኜ ለመናገር ይቸግረኛል» አሉ።

መምህሬ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩትን! አባቴ ካሕሱ፣ የእርስዎን ሞተር ሳይክል ስንቴ በነጻ የጠገነው ሰው፣ ፊጥኝ ታስሮ በደጅዎ ሲያልፍ በርዎ ተዘግቶ ነበር።

እኛ ወደ ደሴ ሸሸን። የታሰረበትን እስክናውቅ ሁለት ወር ፈጀ። የስኳር መድኃኒቱን ይዘን ብንደርስ፣ ዘበኛው ስሙን ከዝርዝር ላይ ፈለገና መድኃኒቱን መልሶ በእጃችን አስጨበጠን።

ለምን እንደፈሩ አይጠፋኝም። ባለቤትዎ በትግርኛ እንደሚጸልዩ እኔ ሰምቻለሁ፤ ሰፈሩ አልሰማም። ለማንም አልተናገርኩም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ እርስዎ ከመጠራትዎ በፊት የሆነ ነው። «ደብተሩ የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። አፌን ልከፍት ስል አባቴ እጄን ጨመቅ አድርጎ «የኔ ነው፤ የጋራዥ ማስታወሻ ነው» አለ። አራተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው! አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ዝም አልኩ።

እናቴ ያን ሰሞን ቆቦ ነበረች። «ወረቀት ተገኘበት» መባሉን፣ እርስዎም ተጠይቀው አላውቅም ማለትዎን ብቻ ነው የምታውቀው። ማታ ማታ ስትረግምዎ አሜን እላለሁ።

በሚመጣው ወር ዕቃችንን ልታይ ወልድያ ትመጣለች፤ እርስዎም ጋ መድረሷ አይቀርም። የምትለውን ሁሉ ይቻሏት። ደብተሩ የማን እንደነበር ግን አይንገሩብኝ። ዝም ማለቱን ሁለታችንም እናውቅበታለን።

ልጆችዎን በአባታቸው እጅ ያሳድግልዎ።

ያስተማሩኝ ተማሪዎ