ቀይ ቸርኬ

ነሐሴ 13፣ ጧት

ዛሬም ዝናብ። ዛሬም ጭቃ። የወረታ ገበያ ሜዳ ዋልካ አፈር ከብስክሌቱ ጎማ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ሥር እየተጠቀጠቀ ጎማውን ይይዘዋል። ሁለት ዙር ሳይዞሩ ብስክሌቱን ገልብጦ በእንጨት መጎርጎር ነው። ስድስት ልጆች፣ አራት ብስክሌት። አራቱም የኔ ነበሩ። አምና በሰዓት አከራያቸው ነበር፤ ዘንድሮ ቀበሌው ለወጣቶች የብስክሌት ቡድን ብሎ ወሰዳቸው። እኔን ደግሞ አሠልጣኝ አደረገኝ። ንብረቴን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን። ይሁን። ልጆቹ ምን አጠፉ?

እኔ ዘንድ ትምህርቱ ከማቆም ይጀምራል። መንዳትማ ለማንም ይመጣል። «ፍሬን!» ስል ሁሉም ቀጥ ማለት አለባቸው። ያላቆመ ይወርዳል፣ ተራውን ያጣል። ልጄ ዝናሽ (13 ዓመቷ) በመንዳት አንደኛ። የመሪጌታ ፈንቴ ልጅ ይታየው 11 ነው፤ ኮርቻው ላይ ከተቀመጠ እግሩ ፔዳል አይደርስም። በብረቱ መሐል እግሩን አሹልኮ፣ ጎብጦ፣ በጎን ይነዳል። ግን ሲያቆም እንደሱ የሚያቆም የለም።

መሪጌታ በዚያ ሲያልፉ ጃንጥላቸውን ይዘው ቆሙ። ልጄ ዳዊቱን ሳይጨርስ ያንተን ፍሬን ደገመ፣ አሉኝ። ሁለቱም ከመውደቅ ያድናሉ የኔታ፣ አልኩ። ሳቁ።

ነሐሴ 17

የቀበሌው ሊቀ መንበር ታረቀኝ መጣ። (ከእንግዲህ ሊ/መ ብቻ እለዋለሁ። ስሙን ሙሉ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።) ከአብዮቱ በፊት ይፋግ ገበያ የበቅሎ ደላላ ነበር። በቅሎ ያውቃል፤ አልክድም። ችግሩ ዓለም ሁሉ በቅሎ ይመስለዋል።

ዕቅዱ ይሄ ነው፤ መስከረም 2 ለአብዮቱ በዓል ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። ልጆቹ በደብረ ታቦር መንገድ ቁልቁለቱን ወርደው፣ መገንጠያው ላይ እንግዳው ፊት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እሺ፣ አልኩ። ይችላሉ። ቀጠለ፤ ጥቁር ብስክሌት ለአብዮት አይመጥንም፣ ሁሉም ቀይ ይቀባ፣ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት፣ ቸርኬው ሳይቀር።

ቸርኬውን ተወው ጓድ፣ ፍሬኑ የሚነክሰው እሱን ነው፤ ቀለም ከተቀባ ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ አልኩት። ቀስ ብዬ።

«በቅሎ ሲያምር ከነእግሩ ነው» አለ። ቀጥሎ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ በጣቱ እኔን እያሳየ፤ «አያ ደርሶ ቀይ አይስማማውም መሰል!»

በዙሪያው የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስካሁን አፌን ይመረኛል።

ነሐሴ 21፣ ጧት 2 ሰዓት

አራቱም ቀይ። ቸርኬው፣ ሽቦው፣ ሰንሰለቱ እንኳ። ጨርቅ ነክሮ የቀባ እጅ ነው። የቀበሌው አዳራሽ በር ላይ ተደርድረው ደም እንደነካው ቢላ።

አንዱን ወስጄ ሞከርኩ። በደረቅ፦ ዘግይቶ ይይዛል። ውኃ ደፍቼ፦ እንደ ሳሙና። አሥር ክንድ ሄዶ በእግሬ አቆምኩት። ሊ/መን ጠርቼ ዓይኑ እያየ ደገምኩለት። ሲደርቅ ይይዛል፣ አለኝ። የደረቀ ነው፣ አልኩ። ሰዓቱን አይቶ ሄደ።

አንተ ደብተር፣ ልንገርህ። እዚያው ቆሜ በጠርሙስ ስባሪ ልልጠው አማረኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን ቀይ ቀለም የላጠ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አንድ የሱቅ ጎረቤቴ ከዚህ ባነሰ ነገር ሱቁ ታሽጎ ከርሟል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መቼ ዝም እንደሚባል አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ልጆቹን ግን ቁልቁለቱ ላይ አላወጣም አልኩ፤ ሜዳው ይበቃቸዋል።

ነሐሴ 26፣ ከሰዓት

እየጻፍኩ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። ከንዴት ነው እንጂ ከፍርሃት አይደለም።

ጧት ጨው ልረከብ ጎንደር መንገድ ከቆመው የጭነት መኪና ዘንድ ሄድኩ። ሊ/መ እኔ በሌለሁበት ልጆቹን ቁልቁለቱ ላይ አወጣቸው። ልምምድ፣ ብሎ። ሌሊት ዘንቧል። የፎገራ ሜዳ ውኃ ስለያዘው ከብቱ ሁሉ ወደ ከፍታው ወጥቷል፤ በዚያ መንገድ ነው የሚወጣ የሚወርደው። ይህን የወረታ ሕፃን ያውቃል። የበቅሎ ደላላ እንዴት ያጣዋል?

ፊት የነበረው ይታየው ነው። መንጋ መንገዱን ሞላው። ፍሬኑን ያዘ። ሁለቱንም ያዘ፤ ዝናሽ ከኋላው አይታለች፣ ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ጨብጦ ነበር ትላለች። አልቆመም። ላሟ ጎን ላይ ተላተመ። ላሟ ምንም አልሆነች። የልጁ የትከሻ አጥንት ተሰበረ፤ ክንዱም ተጣመመ።

ወጌሻው ሲያሽ ልጁ አላለቀሰም። እኔን ሲያይ ነው ያለቀሰ። «አያ ደርሶ፣ ይዤ ነበር እኮ» አለኝ። ተራውን የምነጥቀው መስሎት።

ይዤ ነበር እኮ።

ነሐሴ 28

ሱቅ ከፈትኩ። ሰው ይገባል፣ ይገዛል፣ ስለ ልጁ ይጠይቃል። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቸርኬውን ማንም አያነሳም። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሳም። እኔ ራሴ ያስተማርኳቸው ይመስል።

ጳጉሜን 1

ሊ/መ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈ ወረቀት። በዓይኔ ጥግ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ብስክሌቶቹ ከባለንብረቱ ሲረከቡ ፍሬናቸው ያረጀ ስለነበር አደጋው ደርሷል።» ከሥሩ የኔ ስም፣ ለፊርማ ባዶ ቦታ።

በትሕትና ነው የሚናገር። እንግዳው ሳይመጣ ነገሩ ይዘጋ፣ ለሁላችንም ይበጃል አለ። ፈርም፣ ተግሣጽ ብቻ ነው። ካልፈረምክ ግን የአሻጥር ነገር ይነሳል፤ ሱቁም... እጁን አወዛወዘ፣ አልጨረሰውም። በይታየው ቦታ ደግሞ ከፊት የምትወርደው ዝናሽ ናት። ልጅህ ጎበዝ ናት እኮ፣ ብሎ ፈገግ አለ።

መነጽሬን ረስቻለሁ፣ ወረቀቱን ቤት ወስጄ ላንብበው፣ አልኩ። መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ። እሱ ይህን አላወቀም።

ያው ቀን፣ ቀትር

ለዝናሽ ነገርኳት። እንደምትፈራ ነበር ያሰብኩት። ዓይኗ በራ! በጫማዬ ጎማውን ረግጬ አቆመዋለሁ አባባ፣ ትለኛለች። ሳትጠየቅ አሰበችበት። የማይይዝ ፍሬን ተሰጥቷት፣ ጥፋቱን በእግሯ ልታቃና። ጮህኩባት። ከዚህ በፊት ጮሄባት አላውቅም። ንዴቴ ያለ ቦታው ወደቀ።

ጳጉሜን 3

መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ማር ይዤ። ማሩን አላዩትም። ልጁ ክንዱ በሸምበቆ ታስሮ ጥግ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል።

እንዲህ ሆነ ንግግራችን፣ ቃል በቃል ልጻፈው፤

«ቀለሙን ማን አስቀባ?»

«እሱ ነው የኔታ።»

«አደጋ እንዳለው አልነገርኸውም?»

«ነገርኩት እንጂ።»

«ስንት ጊዜ?»

ሁለት ጊዜ፣ አልኩ።

«አንተ ደርሶ፣ በጨው ዋጋ ስትከራከር ስንት ጊዜ ትናገራለህ?»

አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻል ነበር። በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ ማሩን መለሱልኝ።

ጳጉሜን 4

ቀኑን ሙሉ በሊ/መ ስናደድ ዋልኩ። ወደ ማታ ላይ ንዴቱ ዞሮ ራሴ ላይ ቆመ። እሱ ስለ ብስክሌት አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። የማያውቅ ሰው ቀባ፣ የሚያውቅ ሰው አየ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ብፈርም ዝናሽ በቀይ ቸርኬ ትወርዳለች። ባልፈርምም ትወርዳለች። ስለዚህ ጉዳዩ ፊርማው አይደለም። ቸርኬው ነው።

ጳጉሜን 5

ሊ/መ ዘንድ ሄጄ ሰንሰለት ላጥብቅ፣ ለበዓሉ እንዳያሳፍሩን፣ አልኩ። ደስ አለው። ወረቀቱስ? ነገ ከነመልሱ፣ አልኩ። አራቱንም ሰጠኝ። ሱቁ ውስጥ አሳደርኳቸው።

መስከረም 1፣ ጧት 3 ሰዓት

እንቁጣጣሽ። ሴት ልጆች አበባ ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ። ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። ይህን ሰዓት አውቄ ነው የመረጥኩት። ተደብቆ የተሠራ ነገር አሻጥር ነው፤ ሰው ሁሉ እያየው የተሠራ ሥራ ነው።

ሱቁ በር ላይ አራቱን ገለበጥኳቸው። ነጭ ጋዝ፣ አሸዋ፣ የጠርሙስ ስባሪ። ልጆቹን ጠራሁ። አልጠየቁም። ሁለት ለአንድ ቸርኬ። ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ይወርዳል፣ ብረቱ ያበራል። አንዷ እናት አለፈች፣ አየች፣ ተመለሰች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ከሴት ልጇ ጎን ተቀመጠች። አንድ ገበሬ ከሩቅ «አያ ደርሶ፣ በዓመት መባቻ ትልጣለህ?» አለኝ። «አምና የተቀባ ነው!» አልኩት። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠ፣ ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ።

ይታየውም መጣ፣ አንድ ክንዱ እንደታሰረ። ጋዙን ያዝልኝ፣ አልኩት። ያዘ። አባቱ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያያሉ። ጃንጥላቸውን እንደ ዘንግ ተደግፈው። አልሄዱም።

4 ሰዓት ከሩብ

አለቀ። ዝናሽ ውኃ ደፍታ ሞከረች። «ፍሬን!» አልኩ። ቀጥ።

ወረቀቱን አወጣሁ። «ፍሬናቸው ያረጀ ስለነበር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ከሥሩ ጻፍኩ፦ ፍሬኑ ደህና ነበር። ቸርኬው በትእዛዝ ተቀባ። ይህን አውቄ ዝም አልኩ፣ ልጅ ተሰበረ። ዛሬ ቀለሙን የላጥሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት። ፈረምኩ። ፊርማዬ ሙሉ ስሜ ነው።

መሪጌታ መንገዱን ተሻግረው መጡ። አነበቡት። ብዕሩን ከእጄ ወስደው ከስሜ ጎን «ምስክር» ብለው ጻፉ።

ሊ/መ ከመገንጠያው በኩል እየመጣ ነው። ብቻውን አይደለም። ልጆቹ እንዳይሸሹ ነገርኳቸው። አንተን ደብተሬን ለዝናሽ እሰጣታለሁ፣ ከጨው ጆንያው ሥር ታኑርህ። እኔ እዚሁ ቆሜ ወረቀቱን በእጁ እሰጠዋለሁ።