ቁጣዬ በቴሌቪዥን

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለልጄ አባት፤

ከሮቢት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጨጓራህ ተወህ ወይስ የአዲስ አበባ ብርድ አባሰብህ? እኛ ከሙቀቱና ከወባው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጅህ ሰናይት አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁመቷ ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ምግብ ቤቱም አለ፤ ሾፌሮቹም እንደ ድሮው ወጡ ቀጠነ እያሉ ደጋግመው ያስጨምራሉ።

ይህን ደብዳቤ የሰናይት አስተማሪ እንዲጽፍልኝ አስቤ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ለሰው ጆሮ የሚሆን ስላልሆነ በዚሁ ጭረቴ ጻፍኩት፤ ካልተነበበልህ ደጋግመህ እየው። የምነግርህ ነገር ለእኔ ለራሴም አልገባኝም።

የጀመረው በሾፌሩ በሰይፉ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ እትዬ ቆንጅት፣ በቴሌቪዥን አየሁሽ እኮ! ብሎ ጮኸ። አንተ ሰው፣ ፀሐይ መታህ እንዴ? አልኩት። እሱ ግን በመስቀል ማለ። አንድ ቀልደኛ ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ መቀነት ታጥቆ እንደ ሚስት ባል ሲቆጣ፣ እጄን ወገቤ ላይ የማደርገው፣ ጣቴን የማወዛውዘው፣ አንድም ሳይቀር እኔን ነው አለኝ። ከጺሙ በስተቀር! ብሎ ተንከተከተ። ከዚያ ወዲያ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይስቅብኝ ጀመር። ሙሀባ እንኳ፣ ያቺ ሙዝ የምትሸጠው ዓይን አፋር፣ እስቲ አንዴ ተቆጪልን አለችኝ።

አልዋሽህም፣ ደሜ ፈላ። ሳቅ እንጀራ አይሆንም ብዬህ ነበር። ይኸው ሆነልህ፤ ግን እኔን ጋግረህ ነው! እዚሁ ምግብ ቤት ሳህን እያነሳህ ተሳፋሪውን ሁሉ ስታስመስል ምን ነበር ያልኩህ? የወረዳውን ሹም አካሄድ ሹሙ እያየህ ስትሄድ ጊዜ ጮህኩብህ፤ አንተም አኩርፈህ የጭነት መኪና ላይ ወጣህ። ከዚያ ትያትር ቤት ገባ ሲሉ ሰማሁ፤ ቆይቶ ደግሞ ቴሌቪዥን። ለልጅህ ልብስ ትልካለህ፤ ለእኔ አንድ ቃል አትልክም። ዛሬም ብትጠይቀኝ፣ መጮሄ ልክ ነበር።

ይሄ ሳይበርድልኝ ደግሞ ሽማግሌ ላክህ! ጋሼ አለባቸውና ሐጂ አብዱልሀኪም ጠዋት መጥተው፣ እሺ ካላልሽ አንቀመጥም ብለው ደጄ ላይ ቆሙ። ሐጂ፣ ወላሂ ልጄ፣ ሰውየው ተጸጽቷል፣ ታረቂው አሉኝ። ጋሼ አለባቸውም መሃላችሁ ልጅ አለች አሉ። እኔ ምን ልበል? ሽማግሌ የላከው ባሌ ነው ወይስ ቀልደኛው? ቀልዱ አልቆበት አዲስ ቁጣ ሊቀዳ ይሆን የሚመጣው? መልሱን ለጰራቅሊጦስ እሑድ ቀጥሬ በስንት ልመና አስቀመጥኳቸው።

በዓይኔ ሳላይማ መልስ አልሰጥም ብዬ አዲስ አበባ ወጣሁ። አዎ፣ ከተማህ መጥቼ ነበር፤ ደጅህን አልረገጥኩም እንጂ። የአክስቴ ልጅ አሰገደች ቴሌቪዥን ያለበት ቡና ቤት ወሰደችኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ጥግ ያዝኩ። ብቅ አልክ። አቤት ያንተ ነገር! ያ መቀነት፣ ያ አቋቋም! ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቃላ! ለካ ስቆጣ እንዲህ ነኝ።

ከዚያ በጨዋታው ያለው ባል በሩን ዘግቶ ወጣ። ሴትዮዋ ግን ቁጣዋን አላቆመችም። ባዶው ወንበር ፊት ቆማ፣ ዛሬም አመሸህ፣ ልጅህ ጠየቀችህ፣ አንተ ምን ገዶህ ትለዋለች። ሰው ሁሉ አውካካ። እኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ይህን ማን ነገረህ? አንተ ቤት እያለህ እኮ ወንበር ተቆጥቼ አላውቅም! ይህ ነገር የመጣብኝ ከሄድክ በኋላ ነው። ሰናይት እህቴ ጋ ስታድር፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን። ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። አምና የትያትር ቡድናችሁ ወደ ደሴ ሲሄድ ሮቢት አድሮ ነበር፤ አንተ አብረህ የለህም ሲሉኝ አምኜ ተውኩት። አሁን ግን እንጃ። የአገዳ አጥር ድምፅ አይከለክልም። ቆመህ ሰማኸኝ? ሰምተህስ እንዴት በሩን አታንኳኳም? ወይስ አንተም እዚያ በኪራይ ክፍልህ ከወንበር ጋር ታወራለህ? ስናደድ ልቤ ይራራል፤ ሲራራ ደግሞ መልሼ እናደዳለሁ። ግራ ገባኝ፣ ዞረብኝ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የምላቸው ገና አልተገለጠልኝም።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ጨዋታህ ላይ ጎድሎብሃልና። በቴሌቪዥኑ ሴትዮዋ ወንበሩን ተቆጥታ ተቆጥታ ሲደክማት መብራት አጥፍታ ትተኛለች። እኔ እንዲያ አላደርግም። ተቆጥቼ ስጨርስ እንጀራውን አቀርባለሁ፣ ወጡን አወጣለሁ፤ ከዚያ፣ በል እንግዲህ ና ብላ፣ እላለሁ። እሱን አልሰማኸውም። ቸኩለህ ሄደሃል።

መድኃኔዓለም ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ ያገርህን አፈር አይንሳህ።

የልጅህ እናት