ጫፉ ታጥፏል ተብሎ ስለተባረረው ሽቦ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴው አባላትም ደኅና እንድትሆኑ እመኛለሁ። በተለይ ሐሞትዎና ቆሽትዎ በየፊናቸው ሥራቸውን በሰላም እንዲሠሩ ምኞቴ ከልብ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን ለምን ለይቼ እንደጠራሁ ከታች ይገባዎታል።

እኔ በኢንዶስኮፒ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪሙ ካሜራ ያለውን ቱቦ በበሽተኛው አፍ አስገብቶ፣ ጨጓራውን አልፎ ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ ቀጭኑን መሪ ሽቦ የምገፋው እኔ ነኝ። ሽቦው የሐሞት ቱቦ ውስጥ ከገባ ሌላው መሣሪያ ሁሉ እሱን ተከትሎ ይገባል፤ ጠጠሩም ይወጣል። ችግሩ የሐሞት ቱቦና የቆሽት ቱቦ በራቸው አንድ መሆኑ ነው። በዚያች ከስንዴ ፍሬ በማትበልጥ ቀዳዳ ገብቶ ወደ ላይ የታጠፈ ሐሞት ይደርሳል፤ ቀጥ ብሎ የሄደ ቆሽት ውስጥ ይገባል። ቆሽት ደግሞ ደጋግመው ሲነኩት ይቆጣል፤ ሲቆጣም የሚቀጣው በሽተኛውን ነው።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. ባለፈው ዓመት ኮሚቴዎ ሽቦዎቹን አወዳድረን እንድናቀርብ ስላዘዘን አመሰግናለሁ። ከሐኪሙ ጋር አራት ወር ሙሉ ሁለት ዓይነት ሽቦ በስድሳ ሁለት በሽተኞች ላይ ተጠቅመን፣ ሽቦው በስንተኛው ሙከራ እንደገባ፣ ስንት ጊዜ ስቶ ቆሽት ውስጥ እንደገባ፣ በማግስቱ ማን ሆዱን እንዳመመው እየመዘገብን አቀረብን። ያልነው የሚከብድ ነገር አልነበረም። ግትሩ ሽቦ ከገቡ በኋላ ሌላ መሣሪያ ለማሳለፍ ጥሩ ነው፤ ለመግባት ግን ጫፉ ለስላሳና የታጠፈው፣ ልባሱም ውሃ ሲነካው የሚያንሸራትተው ይሻላል፤ ስለዚህ ሁለቱም መደርደሪያው ላይ ይኑሩ አልን። ሰነዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ማኅተም የለም ተብሎ። ማኅተም አስመትቼ ስመለስ ውሳኔው አልቆ ጠበቀኝ።

2. ውሳኔው እንዴት እንዳለቀ ከቃለ ጉባኤው አንብቤ ተምሬአለሁ። ሽቦዎቹ ተፈትተው በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ጫፉ የታጠፈው «የተጣመመ፣ የፋብሪካ ጉድለት ያለበት» ተባለ። የሚያንሸራትተው ልባሱ ደግሞ «ለመያዝ የማይመች» ተባለ። ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ የተኛው ግትሩ ሽቦ ግን «ጥራቱን የጠበቀ» ተብሎ፣ ለሁሉም ክፍል አንድ ወጥ ሆኖ ጸደቀ። ሐሞቱ ተዘግቶበት ወደ ክፍላችን የመጣ ጠረጴዛ ገጥሞኝ ስለማያውቅ፣ በዚህ በኩል ልምድ እንደሌለኝ አምናለሁ።

3. ልብስ ሰፊዋን ላስተዋውቅዎ። የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት፤ የሐሞት ቱቦዋ በጠጠር ተዘግቶ፣ ዐይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ገላዋን እያሳከካት መጣች። አልጋው ላይ ስትወጣ የጋውኔን ስፌት አየት አድርጋ «ይኼን የሰፋው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» ብላ ክፍሉን ሁሉ አሳቀችው። ከዚያ በማደንዘዣው እንቅልፍ ወሰዳት።

መደርደሪያው ላይ የነበረው እርስዎ ያጸደቁት ሽቦ ብቻ ነው። ገፋሁ፤ በኤክስሬዩ ስናየው ቆሽት ውስጥ ነው። አውጥቼ መልሼ ገፋሁ፤ አሁንም ቆሽት። በአምስተኛው ሐኪሙ እጄን ያዘና «ይብቃ፤ ከዚህ በላይ ብንነካት እናጣታለን» አለ። የምናውቀውን መከላከያ መድኃኒት ሁሉ ሰጠናት፤ ሆኖም በማግስቱ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ ትንፋሽ አጥሯት ሦስት ቀን በኦክስጅን ቆየች።

አውቶቡስ ነጂ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ኮሪደር ላይ አገኘኝና «እህቴ እየሳቀች አይደል እንዴ የገባችው? ምን ሆና ነው?» አለኝ። ቢጮህብኝ በቻልኩት ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀኝ ለማወቅ ብቻ ነው። «ሽቦው…» ብዬ ጀመርኩ። ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ የተኛ ሽቦ ስለተመረጠ ነው ብሎ ለሰው ወንድም እንዴት ይነገራል? እርስዎ የደብዳቤ አጻጻፍ አዋቂ ስለሆኑ፣ ዐረፍተ ነገሩን ቢያዘጋጁልኝ ውለታዎ አይረሳኝም።

4. ሐኪሙ ሌላ ሆስፒታል ያለ የትምህርት ጓደኛውን ለምኖ ጫፋቸው የታጠፈ ሁለት ሽቦዎች አስመጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሕመሟ ሲበርድ፣ መልሰን አስገባናት። ሽቦውን በውሃ አርሼ ገፋሁት፤ ውጭ የቀረውን በጣቴ ትንሽ ሳዞረው ጫፉ ወደ ላይ ታጠፈና ገባ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጠጠሩ ሲወጣ የታገደው ሐሞት ተከትሎት ፈሰሰ። ሐኪሙ «ተመስገን» ብሎ ጀርባውን ሰጠንና መነጽሩን ሲጠርግ ቆየ።

ከዚያ በስድስተኛው ቀን ኮሚቴዎ «በንብረት መዝገብ ያልገባ ዕቃ በመጠቀም» በሚል ለሐኪሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠው። የማስጠንቀቂያው ሦስቱም ገጽ ላይ ማኅተም አለ። ስለ ፈጣን ምላሻችሁ ያለኝን አድናቆት መሸሸግ አልችልም።

ልብስ ሰፊዋ በሃያ አንደኛው ቀን ወጣች። ጠዋት ስደርስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የገዛ ቀሚሷን በመርፌ ስታጠብብ አገኘኋት፤ የመጣችበት ልብስ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሏት ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር «አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። እኔ ግን መልሱን አውቀዋለሁ፤ የማይሆን ሽቦ መሆኑን እያወቅኩ አምስት ጊዜ ገፍቻለሁ። ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ክሩን በጥርሷ በጥሳ «እንግዲያው ለሚቀጥለው ሰው እንዳትገፊ» አለችኝ።

ስለዚህ የእኔን ድርሻ ወስጃለሁ፤ የቀረውን ለእርስዎ በክብር አስረክባለሁ። ሁለቱም ዓይነት ሽቦ መደርደሪያው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ፣ ለነፍስ ከሚያሰጋ አስቸኳይ ሕመም በቀር፣ በግትሩ ሽቦ ብቻ የሚጀመር ሥራ ላይ እንደማልቆም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ አስታውቄአለሁ። ሐኪሙም ከእኔ ስም በታች ፈርሟል፤ ምናልባት ለእርሱ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ወረቀት ካላችሁ ከአሁኑ አዘጋጁለት።

የማኅተምዎ ቀለም አይድረቅብዎ፣ ጠረጴዛዎም ጤናው ይጠበቅ እያልኩ፣ ለሥልጣንዎ ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር፣

ከኢንዶስኮፒ ክፍል፣ ሽቦ ገፊዋ ነርስ

ማሳሰቢያ፦ ኮሚቴዎ በመጪው ወር የቀዶ ሕክምና ጓንት እንደሚያወዳድር፣ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ልክ ይበቃል የሚል ሐሳብም እንደቀረበ ሰምተናል። እባክዎ የእጅዎን ልክ ቀደም አድርገው ይላኩልን፤ የእኛን እጅ እዚያ ልክ ላይ ለማድረስ ጊዜ ያስፈልገናል።