የዋንዛው ዋስ

ቡሬ ዙሪያ
ጥቅምት 2 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያምሮት እንዳለው፣ ያለሽበት ኖርዌይ

እንዴት ከርመሻል ልጄ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ስንዱ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከኋላዬ ቆማ «መስመሩ ተንጋደደ» ትለኛለች። ላሚቱ ወልዳለች። ጤፉም ዘንድሮ ከጎረቤት ሁሉ የኛ ይበልጣል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም፣ ዓይን አለ።

የእጅ ጽሑፌን ስታዪ መደንገጥሽ አይቀርም። አንድ ዓመት ሙሉ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ለእናትሽ አቀብሎ ወደ በረት የሚወጣ ሰው ዛሬ ምን ነክቶት ብዕር አነሣ ትያለሽ። ስልክ ላይ ቃል ያጥረኛል። ደግሞም የምነግርሽ ነገር የሚያኮራ ነው፤ የሚያኮራ ነገር በወረቀት ሲሆን ደጋግመው ያነቡታል።

ያምሮት፣ አጸድሽ ባለፈው እሑድ መስከረም ሃያ አምስት ቀን ለሕዝብ ተከፈተ! አንቺ «የአገር በቀል ዛፎች አጸድ» ብለሽ በሰሌዳ የጻፍሽበት፣ ሰዉ ግን «የያምሮት ጫካ» የሚለው ቦታ፣ ያን ቀን እንደ ጥምቀት ሜዳ ሞላ። ከቅዳሴ በኋላ የኛ ሰው ወጣ፣ ከቡሬ በእግሩም በባጃጅም መጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ተማሪዎች ከነመምህሮቻቸው በሁለት አውቶቡስ ደረሱ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም፤ ዳገቱ ሁሉ ቢጫ ነበር።

ማን ያስጎበኘ ይመስልሻል? እኔ ነኛ! «ዛፍ ቆጥሮ የጠገበ ሰው አላየሁም» ብሎ በሰው ፊት የቀለደብሽ አባትሽ፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ አርባ ሁለቱን ዛፍ አንድ በአንድ እየጠራ። አንዲት የከተማ ተማሪ ኮሶው ሥር ቆማ «አባባ፣ ይኼ ለምን ይጠቅማል?» ብትለኝ «ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው መቅጫ ነው» አልኋት። መምህራኑ ሲስቁ ከሁሉም በላይ እኔ ደስ አለኝ። «የማን ልጅ ናት ይህን የተከለች?» ያለኝም ነበር። እንዴት እንደመለስሁ እናትሽን ጠይቂያት፤ እሷ «መንደር ሁሉ ሰማህ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ባዶ እጁን የመጣም ጥቂት ነው። አንዱ የብርብራ ፍሬ በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ፣ አንዱ የንብ ቀፎ ተሸክሞ፣ አንዷ ሴትዮ ፍግ በአህያ ጭና መጡ። የፍኖተ ሰላም መምህራን በየወሩ አንድ ቅዳሜ መጥተው ሊኮተኩቱ ቃል ገቡ። ጎረቤታችን ንግሥቴ ደግሞ የየዛፉን ስም በእናቷ ቋንቋ በአዊኛ እየነገረች አስጽፋለች፤ ሰሌዳው አሁን በሁለት ቋንቋ ነው። አንቺን «የዛፍ ሙሽራ» እያለች የምታሾፈው ንግሥቴ!

አሁን የማያኮራውን ልንገርሽ። እናትሽ በስልክ ያልነገረችሽ እኔ ስለከለከልኋት ነው።

ከመሄድሽ በፊት በየዛፉ ላይ ሰሌዳ ስታንጠለጥዪ ከዛፉ ስም ሥር የደጋፊ ስም ትጽፊ ነበር። አያትሽ በተከሉት ዋንዛ ላይ የእኔን ስም ጻፍሽ። በዚሁ በዛፍሽ ነገር ተኳርፈን ሳለን ስሜን መጻፍሽ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ግን ያነበብሁት እንደ ገበሬ ነው። የኔ ስም የተጻፈው በመሬት ደብተሬ ላይ ነው፤ ስሜ ያለበት ሁሉ የእኔ ነው። ግንቦት ላይ ቀንበሬ ተሰበረ። ዋንዛ ደግሞ ለቀንበር ቀላል ነው፣ የበሬ አንገት አይልጥም። መጥረቢያዬን ይዤ ሄድሁና ትልቁን ቅርንጫፍ ቆርጬ በጠራራ ፀሐይ ተሸክሜ ገባሁ። የሰረቅሁ አልመሰለኝም።

በሳምንቱ ሦስት ሰዎች «እንዳለው ከቆረጠ የኛስ ስም ተጽፎ የለም ወይ?» ብለው መጡ። አንዱ ወይራውን ለማረሻው ድግር፣ ሌሎቹ ጥዱን ለአጥር ቆረጡ። ቀበሌው ይህን ሲሰማ «ለአርባ ሁለቱም ጠባቂ እስከ መስከረም መጨረሻ ካልተገኘ ቦታውን ለባሕር ዛፍ እናከፋፍለዋለን» አለ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት ከምንጭ ውሃ በጀርባሽ ያመላለስሽበትን ቦታ በአንድ ቀንበር ላስበላው ነበር። አፈርሁ ልጄ።

መላውን ያመጡት መሪጌታ ቂርቆስ ናቸው። «ዛፍ ባለቤት ሲያገኝ አያችሁት፤ አሁን አደራ ተቀባይ ይፈለግለት። አደራ ደግሞ ያለ ዋስ አይሰጥም» አሉ። ስለዚህ በመክፈቻው ቀን ከጉብኝቱ በኋላ ሰዉ ሾላው ሥር ተቀመጠ። ዛፍ የሚረከብ ሁሉ እየተነሣ በሰው ፊት ዋስ ጠራ። ጠባቂው መጥረቢያ ቢያነሣ ሽማግሌ ፊት የሚቆመው ዋሱ ነው፤ የጎደለውንም ተክሎ የሚያጸድቅ እሱ ነው።

ንግሥቴ ኮሶውን ተረከበችና ዋስ ማንን ብትጠራ ጥሩ ነው? ሰባት ዓመት በድንበር የሚካሰሳትን ወንድምአገኝን! «ከእሱ የበለጠ የሚጠብቀኝ የለም፤ ዓይኑ ከኔ ላይ ተነሥቶ አያውቅም» አለች። እሱም እየሳቀ ተነሥቶ ዋስ ሆናት። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አርባ አንዱ ዛፍ አለቀ፤ ዋንዛው ቀረ።

«እንዳለው፣ ዋስ ጥራ» አሉኝ መሪጌታ።

«ስንዱ» አልሁ።

«ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም። አንድ እንጀራ ነው የምትበሉ።»

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ዝም ማለት የማይሆንላት ንግሥቴ ናት። «አያ እንዳለው፣ ያን ቀንበርዎን ይጥሩት እንጂ! ከሱ በላይ ሥራዎን የሚያውቅ ማን አለ?» አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ልስቅ ፈለግሁና ትቼ ወደ መሪጌታ ዞርሁ።

«ዋሴ ያምሮት ናት» አልሁ።

«ልጅህማ ከቤትህ ናት፤ እሷም አትሆንም» አሉ መሪጌታ።

«ከቤቴ አይደለችም» አልሁ። «ቡሬ መናኸሪያ ድረስ እንኳ ሳልሸኛት፣ ሳልመርቃት ነው የሄደች። ከቤቴ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እንግዲህ እንደ ባዳ ትቆጠርና ዋስ ትሁነኝ፣ መሪጌታ።»

ማንም አልሳቀም። እናትሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መሪጌታ «ሳይጠየቅ ዋስ የሚሆን የለም። ጻፍላትና ጠይቃት። ዋንዛው እስከዚያ በንግሥቴ ስም ይመዝገብ፤ እስከ ኅዳር ሚካኤል የልጅህ ቃል ከመጣ ላንተ ይዛወራል፣ ካልመጣ የንግሥቴ ሆኖ ይቀራል» አሉ። ንግሥቴም እሺ አለች፤ ቀበሌውም አርባ ሁለቱን ቆጥሮ ሄደ።

ስለዚህ ይኸው እየጠየቅሁሽ ነው። ለዋንዛው አዝነሽ እሺ እንዳትዪኝ፤ ንግሥቴ ከእኔ የተሻለ ትጠብቀዋለች፣ አጸድሽም ማንም አይነካውም። የምለምንሽ ለራሴ ነው። ልጄ ታምነኛለች ብዬ በሰው ፊት ልቁም ብዬ ነው። ያመንሽኝ እንደሆነ ብቻ እሺ በዪ።

ቀንበሩን ከዚያ ወዲህ በሬ አልጠመድሁበትም። አጸዱ በር ላይ ሰቅየዋለሁ። የሚመጣው ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ። ዋንዛው ከተቆረጠበት ጎን አቆጥቁጧል፤ ቀሪው ነጭ አበባ አብቦ ንቡ ሰው አያስጠጋም። አያትሽ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር፤ እኔን ግን በአለንጋ ይሉኝ ነበር።

መሪጌታ የጻፉት የዋስነት ወረቀት እዚሁ ውስጥ አለ። የእኔን ስም ፈርሜበታለሁ፤ ከጎኑ ያለው ቦታ ክፍት ነው።

መናኸሪያው ላይ ልሰጥሽ ይገባ የነበረውን ምርቃት እነሆ ዘግይቶም ቢሆን ተቀበይኝ። የተከልሽው ይጽደቅ፣ የጀመርሽው ይፈጸም፤ በሰው አገር ሰው አትጪ፤ የግሽ ዓባዩ አባት አቡነ ዘርዐ ብሩክ መንገድሽን ያቅኑ፤ በሄድሽበት እግር ተመልሰሽ ለአገርሽ ጥላ ሁኚ። አሜን በዪ። እናትሽም ከኋላዬ አሜን ብላለች።

አባትሽ እንዳለው
ዋሱን የሚጠብቅ የዋንዛው ጠባቂ

ይድረስሽ ብዬ ካጠፍሁት በኋላ የጨመርሁት፦ ባትፈርሚም አልቀየምሽም። ብቻ ደውዪ። ከእንግዲህ ስልኩን የማነሣው እኔ ነኝ።