አባባ የዋሹ ዕለት

ለተወደድከው ወንድሜ ለጉታ ዋቆ፣ አካም ጅርታ? ጤናህ እንዴት ነው? የሆላንድ ብርድ ጉልበትህን ማመሙን ተወልህ ወይ? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን፤ ሰበታ ግን ሰላም ናት አልልህም። ስልክ ላይ ንግግሬን ስለምታቋርጥብኝ ነው የምጽፍልህ።

ሰው ደጉን ከክፉ እንዴት እንደሚለይ ስታጠና ይኸው ፀጉርህ ሸበተ። ዶክተር ሆነህ በየአገሩ እየዞርክ ታስተምራለህ። ባለፈው ክረምት መጠይቅህን የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስሞይልኝ ብትለኝ፣ «ለየብቻ እንዴት ይፈረዳል?» ብለው ዋርካው ሥር ተመካከሩና ሁሉም አንድ መልስ ሰጡህ። ጥናቴን አበላሸሽብኝ ብለህ ስትቆጣኝ ቻልኩት። የአሁኑን ግን አልችለውም።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን መሬታችንን ይወስዳል ብለው የሰፈሩ ልጆች አደባባይ ከወጡ ወዲህ ብዙዎቹ ታስረዋል። ለፖሊስ የጠቆመባቸው ተከራያችን ሐሰን ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ከአዲስ አበባ ከመምጣቱ በቀር ሌላ ማስረጃ የለም። ጓደኞቻቸው የታሰሩባቸው ጎረምሶች ደጃችን ቆመው ሐሰን የት አለ ብለው ሲጠይቁ፣ አባባ «ትናንት ተጂ ከተማ ሄዷል» አሏቸው። ሐሰንና ሚስቱ መኪያ ግን ጓዳችን ተደብቀው ነበር። ልጆቹም የኦቦ ዋቆ ቃል ነው ብለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሽምግልና አልቀመጥም ብለዋል። «ያመኑኝን ልጆች ዋሽቼ፣ ማንን እውነት ተናገር እላለሁ?» ይላሉ። እህልም እምቢ አሉ። ይህን ነግሬህ አንድ የሚያጽናና ቃል ስጠብቅ፣ «በጣም የሚገርም ነው፤ ለጥናቴ ድምፃቸውን ቅረጪልኝ፤ እኔ ተመራማሪ እንጂ ፈራጅ አይደለሁም» አልከኝ። ጨጓራዬን ላጥከው እኮ፣ ጉታ። አባትህ ናቸው እንጂ መጠይቅ የሚሞሉልህ ሰው አይደሉም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እንዳንተ ያለውን አይተው ነው።

ዛሬ ጠዋት «ጉታ ምን አለ? የተማረው ይኸንኑ አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «አባቴ ደግ አደረጉ ብሏል» አልኳቸው። ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ፤ እህልም ቀመሱ። እንግዲህ እኔም ዋሽቻለሁ። ደውልላቸውና ውሸቴን እውነት አድርግልኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች። ልጄ ሶያማ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች። መኪያም እንዲሁ፤ ሐሰንም ገና ከጓዳ ባይወጣም ሰላም ብሎሃል። አባባ ደግሞ ልጄን አመስግኚልኝ ብለዋል።

እኅትህ አያንቱ ዋቆ
ሰበታ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2008 ዓ.ም.