ለጠብታው ያኖርኩት ሳፋ

ልጄ፣ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው አመለኛው።

በአጥር ከተጣላን ወዲህ ሰላምታ የነሳሁት አናጢው ጎረቤታችን፣ ሳልጠራው መጥቶ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነልኝ። ነገሩ አላማረኝም። "ምን ፈልገህ ነው?" ብለው፣ "ምንም፣ እትዬ። እኔንም ጌታ የማረኝ እንዲሁ ነው" አለኝ። ዛሬ ጣሪያ፣ ነገ አጥር ይል የለ? አንቺንም "መዳን በጸጋ ነው እማዬ፤ በልፋት አይደለም" ስትይኝ እንደዚሁ ነበር የጠረጠርኩሽ።

ይኸው ዶፉ ሲወርድ ከረመ፤ አንዲት ጠብታ አልገባም። እኔ ግን ለጠብታው ያኖርኩትን ሳፋ ከአልጋዬ አጠገብ አላነሳሁም። ጠዋት ጠዋት እዳብሰዋለሁ፤ ደረቅ ነው።

ጌታ በሄድሽበት ሞገስ ይሁንሽ። አደራ፣ ስትጸልዪ፣ ለእናቴ ሳፋውን የምታነሳበት ልብ ስጥልኝ በዪ።