ፈተናው በኮምፒውተር ነው አሉን

ሐሙስ
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን በኮምፒውተር ነው የሚፈተኑት አሉን። ደብዳቤው ዛሬ ደረሰ፤ ፈተናው ረቡዕ ነው። ርዕሰ መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ ሳቀ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያለን አንድ ኮምፒውተር እሱ ቢሮ ውስጥ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው ነው፤ ከተበላሸ ቆይቷል። ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ምክንያት ስንት ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ! የዓመታቱን ሒሳብ በጥቂት ወራት ነው ያጎረስኋቸው። አምና አንድም ልጅ አላሳለፍንም። አሁን ደግሞ ይሄ።

ዓርብ
ካርቶን ላይ የኮምፒውተር ቁልፎችን በማርከር ሣልሁ። ለማውዝ ቁራጭ ሳሙና ሰጠኋቸው። ልጆቹ አውካኩ። ውባለም ብቻ አልሳቀችም። በሒሳብ የሚደርስባት የለም።
«ቲቸር፣ የዘለልሁትን ጥያቄ ተመልሼ ማግኘት ብፈልግስ?»
እኔም አላውቀውም። «ቀላል ነው» ብዬ አለፍሁት።

ቅዳሜ
አሥራ ሁለቱን ተፈታኞች ኮምፒውተር ላስለምድ ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄድሁ። የውባለም አባት ጉንደ ወይን መናኸሪያ ድረስ ሸኝተዋት ነበር።
«መምህርት፣ እንዳምናው ከሆነ ልጅቱን ባያደክሟት» አሉኝ።
«ዘንድሮ ይለያል፣ አባባ» አልኋቸው። ምን አውቄ!
ኢንተርኔት ቤቱ ያለው አራት ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ አንድ ሰዓት ፈቀደልን። ወንዶቹ ተሻምተው ወንበሩን ያዙ። እኔ አንዱን ሳሳይ ሌላው ሲጠራኝ ሰዓቱ አለቀ። ስንወጣ ውባለምን «እንዴት ነበር?» ብላት «ቆሜ አየሁ» አለች።
ቆሜ አየሁ! ወንዶቹን አስነስቼ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የማንም አይደለም።

ሰኞ
ለፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ከወረዳ የመጣ ሰው ንግግር አደረገ። «ከእናንተ ውጤት እንጠብቃለን» አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ደጃችን ዝር ብሎ አያውቅም። እናቶች ዳቦ ቆሎ እያቀበሉ ያለቅሳሉ። ውባለም በመስኮት እጇን ዘረጋችልኝ። ቀዝቅዟል።

ረቡዕ
አመሻሽ ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ውባለም ናት፤ ከዩኒቨርሲቲው የጽዳት ሠራተኛ ስልክ ተውሳ።
«ቲቸር፣ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ሁሉንም እችለው ነበር።»
«ነበር?» አልኋት። ማውዙ አልታዘዝ ብሏት ስትታገል፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ አራት ጥያቄዎች ሳታያቸው ሰዓቱ አልቆ ተዘጋባት።
«ፈታኙን አልጠየቅሽም?»
«አፈርሁ።»
የቅዳሜውን ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤
«አይዘኑ ቲቸር። አሁን እጄ ለምዶታል። ነገ ፊዚክስ ነው።»
እሷ እኔን ታጽናና! «እሽ ልጄ፣ በርች» ብቻ አልኋት።